አንድን ከተማ የስፖርት ከተማ የሚያሰኘው ምንድር ነው?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለወላጆች፥ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ስፖርት ጥቂት ቃል እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፥ ስፖርት ጤና ነው፥ ሰውነትን ያፍታታል፥ ከክፉ ባልንጀራ ያርቃል የሚለውን እንድናገር የታሰበ ይመስለኛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ተማሪዎቼ በየሳምንቱ ከእኔ የሚሰሙት ስለ ሆነ፥ በበዓል ቀን እንኳ ልተዋቸው ብዬ ሌላ ጥያቄ መርጫለሁ። ጥያቄውም የእነርሱው ነው። በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የክርክር ክበብ «ከሆሳዕናና ከዱራሜ የስፖርት ከተማ መባል የሚገባው የትኛው ነው?» የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስለ ሆሳዕና የቆመው ወገን «እኛ ፕሪምየር ሊግ ገብተን ሰንብተናል» አለ። ስለ ዱራሜ የቆመውም ወገን «እኛም ገብተን ነበር» ሲል መለሰ። ዳኞቹ ለሆሳዕና ፈረዱ። እኔ ፍርዱን አልቃወምም፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የያዙት ሚዛን አንድ ዐይነት ሆኖ ስላገኘሁት፥ ሚዛኑን ራሱን ልንመዝነው ይገባል ብዬ አሰብሁ።

ሚዛኑ ክለብ ነው። ከተማው በትልቁ ሊግ ውስጥ ክለብ ካለው የስፖርት ከተማ ነው፥ ከሌለው ግን አይደለም ማለት ነው። በዚህ ሚዛን ብንሄድ የእኛ ታሪክ አጭር ነው። ሀዲያ ሆሳዕና በ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመትም ወረደ። በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ገባ፤ የዚያ ዓመት ውድድር ግን በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይፈጸም ተሰረዘ። በከምባታ በኩል ደግሞ ስሙን ከታወቀው ተራራ የወሰደው የዱራሜው ሀምበሪቾ በ2016 ዓ.ም. ወደዚሁ ሊግ ደረሰ፤ እርሱም በዚያው ዓመት ወረደ።

እስቲ ይህን የ2016 ዓ.ም. ነገር ቆም ብለን እንመልከተው። በቀድሞው አስተዳደር ከምባታና ሀዲያ አንድ አውራጃ ሆነው፥ ዋና ከተማቸው ሆሳዕና ነበረች። ገበያቸው የተያያዘ፥ ጋብቻቸው የተሳሰረ ነው፤ እንሰቱ አንድ ነው፤ በመስቀል ሰሞን አንዱ ያሆዴን፥ ሌላው መሳላን ሲያከብር አጎት ከእኅት ልጅ ጋር ይጠራራል። የእነዚህ የሁለት ጎረቤታሞች ቡድኖች በአንድ ዓመት በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ ተገናኙ። በሌላ አገር ቢሆን ይህ ጨዋታ ሱቅ የሚያዘጋ፥ ሰርግ የሚያስተላልፍ ጨዋታ ነበረ። የእኛዎቹ ግን የተገናኙት ሆሳዕና ላይም አይደለም፥ ዱራሜ ላይም አይደለም። የዚያ ዓመት ውድድር የተካሄደው በአዳማ፥ በድሬዳዋና በሐዋሳ ነበረና፥ ጎረቤትና ጎረቤት ለመጋጠም ሁለቱም በሰው አገር ሆቴል አደሩ። ሀምበሪቾ በፕሪምየር ሊግ የቆየበትን ዓመት በሙሉ ዱራሜ ላይ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ፈጸመ። የዱራሜ ልጅ የከተማውን ቡድን ያየው እንደ ማንኛውም ባዕድ በቴሌቪዥን ነው፤ እርሱም ዲ ኤስ ቲቪ ካለበት ሻይ ቤት ገብቶ የሚቀመጥበት ሳንቲም ቢኖረው።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ሳላስረዳ ማማረር አልወድም። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ቡድኖች በየከተማቸው ተቀብለው ያስተናግዱ፥ በተራቸውም ተጉዘው ይጫወቱ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት፥ ሁሉም ቡድን በአንድ ከተማ ተሰብስቦ ጥቂት ሳምንታት እየተጫወተ ወደ ሌላ ከተማ ይሻገር ተባለ። አዲስ አበባ፥ ጅማ፥ ባሕር ዳር፥ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናገዱ። በዚያው ዓመት ጨዋታዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በሱፐር ስፖርት በኩል ለአፍሪካ ሁሉ መታየት ጀመሩ። የቴሌቪዥን ሥራ ደግሞ መብራት፥ የካሜራ ማማ፥ የማይጨቀይ ሜዳ፥ ለባለሙያዎቹም ማደሪያ ይፈልጋል። በሽታው ካለፈ በኋላም አሠራሩ በዚያው ጸና። ጥቅሙን ልካድ አልችልም። ተጫዋቾች በሌሊት መንገድ ከመንገላታት ዳኑ። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ከተሞች ጨዋታ ያቋርጥ የነበረው የተመልካች ጠብም ቀነሰ። ለክለቦችም ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ ደረሳቸው። በመከራ ጊዜ ለተገኘው መፍትሔ ሊጉን የሚመሩትን ሰዎች አመሰግናቸዋለሁ፤ ነገር ግን መፍትሔው ልማድ ሆኖ ሲቀር ከተሞቻችን ምን እንዳጡ የቆጠረላቸው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፥ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፈችው በአዲስ አበባ ስታዲየም በገዛ ሕዝብዋ ፊት ነበረ። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ እጅግ የሚያስደስት ድል ነው። ዳሩ ግን የባለሜዳነቱ ተራ የእኛ ሆኖ ሳለ፥ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የአገራችንን ስታዲየሞች ብቁ አይደሉም ስላለ፥ ጨዋታው የተደረገው በማላዊ ከተማ በሊሎንግዌ ነው። ወላይታ ድቻም በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ ከውድድር ሲያስወጣ፥ የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው በሶዶ ሳይሆን በሐዋሳ ነበረ።

እንግዲህ የክርክር ክበባችን ሚዛን ትክክል ከሆነ አንድ እንግዳ ነገር ይከተላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሆሳዕና በሊጉ ውስጥ ስሟ አለ፤ የአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ግን የሊጉን ጨዋታ አያይም። ክለቡ አለ፥ ጨዋታው የለም። ከተማይቱ የስፖርት ከተማ ናት ወይስ አይደለችም? በዚህ ሚዛን መልስ አይገኝም፤ ሌላ ሚዛን መፈለግ አለብን።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ክለብ አንድ ነገር ልጨምር። ቀድሞ በአገራችን ክለብ የሚያቆሙት ፋብሪካዎችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኖአል፤ ወንጂና መተሐራም የስኳር ፋብሪካ ቡድኖች ነበሩአቸው። ከእኛ አገር ወደዚያ ሸንኮራ ለመቁረጥ የወረዱት አባቶቻችን እነዚህን ቡድኖች አይተው እንደ ሆነ ልጆቻቸው ይጠይቋቸው። በሆሳዕናም በዱራሜም እንዲህ ያለ ፋብሪካ አልተተከለም። ስለዚህ ሸክሙ በከተማ አስተዳደርና በዞን በጀት ላይ ወደቀ፤ የመንግሥት በጀት ደግሞ ለውኃ፥ ለመንገድ፥ ለጤና ጣቢያም የሚጠየቅ ነው። ክለቡ ሲያሸንፍ ሁሉም «የእኛ» ይለዋል፤ ገንዘብ ሲጎድል ግን «የእነርሱ» ይሆናል፤ እነርሱ ማለት ቢሮ ውስጥ ያሉት ናቸው።

በአሜሪካ፥ በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፥ ግሪን ቤይ የምትባል ከተማ አለች። የሕዝብዋ ቍጥር 100,000 ገደማ ነው። ፓከርስ የሚባል የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን አላት፤ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ፥ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። ቡድኑ በ1919 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተመሠረተ። ገንዘብ አጥሮት ሊፈርስ ሲል በ1923 አክሲዮን አውጥቶ ለከተማው ሰው ሸጠ። አክሲዮኑ ትርፍ አያስገኝም፤ የገዛውም ሰው እንደ ንግድ አይሸጠውም። እንዲያው ወረቀቱን በግድግዳው ላይ ሰቅሎ «ባለቤት ነኝ» ይላል። ሆኖም ይህች ትንሽ ከተማ ከነኒው ዮርክ ጋር በአንድ ሊግ ስትጫወት መቶ ዓመት አልፎአታል፤ ስታዲየሟም ከ80,000 ሰው በላይ ይይዛል። በረዶ በወረደ ጊዜ የከተማው ሰው አካፋ ይዞ መቀመጫዎቹን ሊጠርግ በሌሊት ይሰለፋል። ጥቂት ገንዘብ ይከፈለዋል፤ የሚመጣው ግን ለገንዘቡ ብቻ አይደለም።

ይህን የምናገረው አሜሪካን ለማድነቅ አይደለም። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም ለማለት ነው። ዕድርን የሠራ ሕዝብ፥ ዕቁብን የሠራ ሕዝብ፥ ለአንድ ጎረቤት ለቅሶ ድንኳንና ሰሐን በጋራ ገዝቶ የሚያኖር ሕዝብ፥ ኳስ ለመግዛት አይሰንፍም። በጀት ጸሐፊው እስኪፈርም መጠበቅን የተማርነው ቅርብ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሚዛን ልምጣ። ከተማን በያዘችው ክለብ ሳይሆን ባፈራችው ሰው ብንመዝናትስ?

በአርሲ የምትገኘውን በቆጂን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፥ ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ የወርቅ ሜዳልያ ተቀበሉ። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ናቸው። በፕሪምየር ሊግ ክለብ የላትም፤ በስታዲየምም የታወቀች አይደለችም። ሰዎች «ከፍታው ነው፥ አየሩ ነው» ይላሉ። ከፍታ ብቻ ቢበቃ ኖሮ በኢትዮጵያ ያለው ደጋ ወረዳ ሁሉ በቆጂን በሆነ ነበር፤ የእኛዎቹ ዶዮገናና አንጋጫም ከማን ያንሳሉ? በቆጂ የነበረው ሌላው ነገር፥ ልጅ በጠዋት የሚሮጥበት ክፍት ሜዳና በዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ መምህር ነው። ስንታየሁ እሸቱ ሥራውን የጀመረው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪነት ነው። ወደ እርሱ የሚመጣው ልጅ የመግቢያ ዋጋ አይጠየቅም ነበር።

ከዚህች ከጎረቤታችን ከዱራሜ ደግሞ ሎዛ አበራ ወጥታለች። የክርክር ክበባችን የዱራሜ ወገን ይህችን ልጅ ሳይጠራ ክርክሩን መሸነፉ በጣም አስገርሞኛል! ሎዛ ዱራሜ ተወልዳ ኳስ መጫወት የጀመረች፥ ከዚያም ለሐዋሳ ከተማ፥ ቀጥሎም ለደደቢት የተጫወተች፥ በብሔራዊ ቡድናችን በሉሲዎች አጥቂነት የታወቀች ናት። ወደ ስዊድን ሄዳ ለኩንግስባካ፥ ወደ ማልታ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫወተች፤ በቢርኪርካራም የማልታን ሻምፒዮና አገኘች። አገርዋ ተመልሳ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ማልያ ጎል አገባች፤ በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ በዋሽንግተን ዲ ሲ ፓወር ከሚባለው ክለብ ጋር ተዋዋለች። ቢቢሲ በ2020 ከዓለም መቶ ሴቶችን ሲመርጥ ስሟን ጽፎታል።

ልብ በሉ፤ ሎዛ ኳስ በጀመረችበት ጊዜ ዱራሜ በፕሪምየር ሊግ ውስጥ የወንዶች ቡድን አልነበራትም፤ የገባችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ልጅቱን ያፈራት ሊግ አይደለም። ያፈራት አንድ ሜዳና በዚያ ሜዳ ላይ ሴት ልጅ ስትጫወት አይቶ ያላባረራት ሰው ነው። ይኸው ነው የእኔ ሚዛን። በስፖርት ከተማ ማንኛውም ልጅ፥ ወንድ ቢሆን ሴት፥ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በእግሩ ደርሶ፥ ማንንም ሳያስፈቅድ፥ ሳይከፍልና ሳይባረር የሚጫወትበት መሬት ያገኛል። ክለቡም ስታዲየሙም የሚበቅሉት ከዚያ መሬት ላይ ነው። መሬቱ ከጠፋ ክለቡ ከሌላ አገር በውድ የተገዛ ተጫዋች መሰብሰቢያ ይሆናል።

በዚህ ሚዛን ሆሳዕናን ስመዝናት እፈራላታለሁ። ከተማይቱ ዋቸሞ ስትባል የነበራትን ስፋት ሽማግሌዎቻችን ያውቁታል። ዛሬ የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የክልሉ መቀመጫ ሆነች። መሥሪያ ቤት ይመጣል፥ ሠራተኛ ይመጣል፥ ቤት ይሠራል። በዚህ ላይ ደቡብ አፍሪካ አለ። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሄደ ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ማግኘት ቀላል አይደለም። የሚልኩት ገንዘብ ብዙ ቤተ ሰብ ያኖራል፥ ታናናሾችን ያስተምራል፤ እግዚአብሔር ይጠብቃቸው። ነገር ግን ያው ገንዘብ ፎቅና የፎቅ መሬት ይገዛል። የመሬት ዋጋ በጨመረ መጠን ባዶ የሚመስል መሬት ሁሉ ዐይን ይገባዋል። የልጆች ሜዳ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ባዶ የሚመስል መሬት ነው። ሁለት ድንጋይ እንጂ ቋሚ የለው፥ አጥር የለው፥ ካርታ የለው። በጠዋት ችካል ተተክሎበት ቢያድር «የእኔ ነው» የሚል አቤቱታ ይዞ ማዘጋጃ ቤት የሚሄድ የዐሥር ዓመት ልጅ ከየት ይመጣል?

ልጁ ምን ያደርጋል? ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቆ የሠራትን ኳስ ይዞ ወደ መንገድ ይወጣል። በመንገድ ላይ ባጃጅ አለ። ከባጃጅ ሲሸሽ የሰው አጥር ውስጥ ኳሲቱ ትገባለች፤ ባለቤትዬዋ በቢላዋ ትቀዳታለች። ከዚህ በኋላ ልጁ ሻይ ቤት ገብቶ የእንግሊዝን ቡድኖች ይመለከታል። አርሴናልን ከነተጠባባቂዎቹ በቃሉ ይቈጥራል፤ ከራሱ ሠፈር ግን ዐሥራ አንድ ሰው ቍጠር ቢባል ያቅተዋል። ይህን ልጅ ሰነፍ ነው አትበሉብኝ። አምስት ዓመት ከቆየ በኋላ ደግሞ የሠፈሩ ቡድን አምበል ደቡብ አፍሪካ ገባ የሚል ወሬ ይሰማል፤ ቡድኑም በዚያው ይበተናል።

ጎረቤቶቻችን ጉራጌዎች ጀፎረ የሚሉት ነገር አላቸው። በመንደሩ ቤቶች መካከል የተዘረጋ፥ ሰፊና ረጅም የሣር ሜዳ ነው፤ መንገድም አደባባይም ነው። በመስቀል ይሰበሰቡበታል፥ ሐዘን ሲሆን ይቀመጡበታል፥ ልጆች ይቦርቁበታል፥ ፈረስም ይጋልቡበታል። ማንም ደፍሮ አያርሰውም፥ ማንም አጥሩን ወደ እርሱ አይገፋም፤ ቢገፋ ሽማግሌ ይፈርድበታል። የተጻፈ ካርታ ሳይኖረው ይህን ያህል ዘመን የቆየው ስለ ምንድር ነው? ባለቤቱ የታወቀ ስለ ሆነ ነው፤ ባለቤቱም መንደሩ በሙሉ ነው። የከተማ ልጆች ሜዳ የጎደለው ይህ ነው። የመንደሩን ሥርዓት ገጠር ትተን ወደ ከተማ ስንገባ፥ በምትኩ ቢያንስ የማዘጋጃ ቤቱን ካርታ ልንይዝለት ይገባ ነበር።

ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ቃል ልበል። በእኛ አገር ሴት ልጅ ከትምህርት ስትመለስ ውኃ ትቀዳለች፤ ገጠር ከሆነች እናትዋ እንሰት ስትፍቅ ታግዛለች፤ ወንድሟ በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ ነው። ሎዛ አንድ ብቻ የሆነችው ተሰጥኦ ለአንዲት ብቻ ስለ ተሰጠ አይመስለኝም። ወላጆች ሆይ፥ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ብቻ እለምናችኋለሁ። ውኃውን ወንዱ ይቅዳ፤ ጀርባው አይሰበርም።

ስለ ተመልካችም ብዙ አልናገርም። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ያለበት ከተማ፥ ምንም ስታዲየም ቢኖረው የስፖርት ከተማ አይደለም። በቤታችን እንግዳ ሲመጣ አታካናውን በቅቤ አርሰን «ብላ በሞቴ» የምንል ሰዎች፥ ኳስ ሜዳ ስንገባ ይህን ጠባይ ከበር ላይ የምንተወው ለምን እንደ ሆነ አልገባኝም። ተማሪዎች በክፍላት ውድድር ጊዜ ባለፈው ወር ያሳያችሁን ጭብጨባ፥ ማለት ለተሸነፈው ለዘጠነኛ ክፍል የተደረገው፥ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልግባ። ወላጆች እንደምታውቁት፥ በሜዳችን በታችኛው በኩል አዲስ የመማሪያ ክፍሎች ይሠሩ የሚል አሳብ ቀርቦአል። አሳቡን ያቀረቡት ሰዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ተማሪው በዝቶአል፤ በአንድ ዴስክ ላይ ስንት ሆነው እንደሚቀመጡ ልጆቻችሁ ነግረዋችኋል፤ በፈረቃ መማርም መምህሩንም ተማሪውንም አድክሞአል። ክፍል ያስፈልገናል። የስፖርት መምህር ስለ ሆንሁ ብቻ ክፍል አይሠራ ብል ቢስቁብኝ ይገባል።

ነገር ግን የእግር ኳስ ሜዳ በዓለም አቀፍ ሕግ ርዝመቱ ከ90 ሜትር፥ ወርዱ ከ45 ሜትር ማነስ የለበትም። የእኛው ሜዳ የታችኛው ክፍል ከተቈረጠ ከዚህ ልክ በታች ይወርዳል፤ ከዚያም በኋላ የትምህርት ቤቶች ውድድር ልናስተናግድበት አንችልም። ለሩጫ የምናሰምረው መም፥ የመረብ ኳሱ ቦታም አብሮ ይሄዳል። ይህ ሜዳ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ የሠፈሩ ልጆች በጎን በር እየገቡ ይጫወቱበታል፤ ዘበኛችንም እንዳላየ ሆኖ ያሳልፋቸዋል፤ ስለዚህ ነገር አመሰግነዋለሁ፥ ማንም እንዳይቈጣው እለምናለሁ። በአካባቢያችን የነበሩት ሌሎች ሁለት ሜዳዎች አንዱ ዛሬ መጋዘን ነው፥ አንዱ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ነው። ለእነዚህ ልጆች የቀረው ይህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው፥ አዲሶቹ ክፍሎች በላይኛው በኩል፥ አሮጌው የቆርቆሮ መጋዘን ባለበት ላይ፥ አንድ ፎቅ ሆነው እንዲሠሩ ነው። ወጪው ከምድር ቤት እንደሚበልጥ አውቃለሁ፤ በዚህ መካከል የሕንፃ መሐንዲስ ወላጆች አሉና የልዩነቱን ሒሳብ እንዲያወጡልን እጠይቃለሁ። ልዩነቱ ታውቆ ሲነገረን፥ ከየቤቱ ምን ያህል እንደሚደርስ እናያለን፤ ደቡብ አፍሪካ ያሉት የቀድሞ ተማሪዎቻችንም ቢጠየቁ ዝም የሚሉ አይመስለኝም፤ በዚህ ሜዳ ላይ ጉልበታቸው ያልተላጠ ከመካከላቸው የለም። ሁለተኛው፥ ሜዳው ተለክቶ፥ ወሰኑ በድንጋይ ተተክሎ፥ በትምህርት ቤቱ ስም ካርታ እንዲወጣለት ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚቀርበውን ማመልከቻ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ጽፈውታል፤ በጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ፊርማ የሚቀበሉት ሁለት ተማሪዎች እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እዚያው ናቸው።

የወላጅ፥ የመምህርና የተማሪ ኅብረት ስብሰባ በሚመጣው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይደረጋል። የክፍሎቹም የሜዳውም ነገር የሚወሰነው በዚያ ቀን ስለ ሆነ፥ ከየቤቱ አንድ ሰው እንኳ እንዳይቀር አደራ እላለሁ። አሁን በዘጠኝ ሰዓት የሴቶች ቡድናችን ከእንግዳው ትምህርት ቤት ጋር ይጋጠማል፤ ወንበር ስለማይበቃ ተማሪዎች ለእንግዶቹ ቦታ ልቀቁ።